ያልደረሰው አገልግል

እሳቱን ተዉት፤ ፍሙ ይበቃናል። ጠጋ ጠጋ በሉ። የእህል ክምራችንን የሚነካ ሌባ ቢመጣ እዚህም ሆነን ይሰማናል። ታረቀኝ እራታችንን ሊያመጣ ወረደ አይደል? ብቻውን ነው የሄደው? በዚህ ጨለማ ብቻውን ላካችሁት? ይሁን እንግዲህ። እስኪመጣ አንድ ነገር ላውጋችሁ።

መንፈስ የሚወጣው በሌሊት ብቻ ነው ያለው ማነው? ፈንታ፣ አንተ ነህ አይደል? ሌሊት ደጅ ለመውጣት ሚስትህን የምትቀሰቅሰው አንተ። በቀትር ግን ደረትህን ነፍተህ ትሄዳለህ። ይህ የምነግራችሁ ሰውዬም እንዳንተ ነበር። ሌሊቱን ፈርቶ ቀትሩን መረጠ።

ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች። ጥላ የለም። ወፍ የለም። ከብቱ ሁሉ ዛፍ ሥር ተኝቷል። ሰውዬው ብቻውን ወደ ኮረብታው ይወጣል። መንገዱን ሰው ከተወው ቆይቷል፤ እሾህ ውጦታል። ኮረብታው ላይ ምን አለ? አሮጌው ፖሊስ ጣቢያ አለ። ፖሊሶቹ ወደ መኪናው መንገድ ከወረዱ ወዲህ ማንም አይረግጠውም። ቆርቆሮው ነፋስ በሌለበት ይንኳኳል ይባላል።

የሰውዬው ስም ቸኮል ነው። አገሩን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቹ በሕይወት አሉ። ቸኮል እዚያ ምን ሊያደርግ ወጣ? አገልግል ሊያመጣ። ማን ላከው? እማማ አንጓች።

እማማ አንጓች አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሙጬ ይባላል። ሙጬና ቸኮል አብሮ አደግ ናቸው። ቸኮል ሲያገባ ሚዜው ሙጬ ነበር። በዚያ ዝናብ እምቢ ባለበት ክፉ ዓመት ሙጬ በሬ ሰርቀሃል ተብሎ ጣቢያው ውስጥ ታሰረ። አልሰረቀም። በሬው ኋላ ገደል ገብቶ ተገኝቷል። መቼ ተገኘ? ሙጬ ከተቀበረ በኋላ።

የእስረኛ ምግብ ከቤቱ ነበር የሚመጣው። እማማ አንጓች ደግሞ እግራቸው አይሄድም፤ ያን ኮረብታ አይሞክሩትም። ስለዚህ ቸኮልን ጠሩት። “ልጄ፣ አንተ አድርስልኝ” አሉት። “አደርሳለሁ እማማ” አለ።

ጣቢያው ደንብ ነበረው። ምግብ ያመጣ ሰው በር ላይ ይቀምሳል። መርዝ ያስገባ እንደሆን ብለው ነው። አስር አለቃ ዳምጤ የሚባል ፖሊስ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ “ቁም። ምን ይዘሃል? ቅመስ” ይላል። ቸኮል አገልግሉን ይከፍታል፣ አንድ ጉርሻ ይቀምሳል፣ ይገባል። ሙጬ ድምፁን ሲሰማ በመስኮቱ ብረት መሃል እጁን ያወጣና፣ “እናቴ ምን ላከችልኝ?” ይለዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ እንዲህ ነበር።

አንድ ጉርሻ የገብስ ቂጣ፣ በበርበሬ የታሸ። ምን አላት ትላላችሁ? እናንተ እራት ትንሽ ቢዘገይ የምትነጫነጩ፣ ያን ዓመት አታውቁትም። ቸኮል ቤት እሳት ሳይነድ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። ያቺ ጉርሻ ሆዱን ቀሰቀሰችው። በማግስቱ በሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀመሰ። “ያው በር ላይ የምቀምሳት ናት” አለ ለራሱ። ከዚያ ግማሹን በላ። ከዚያስ? ከዚያማ ኮረብታውን መውጣቱንም ተወው። ከታች ያለው ሾላ ሥር ይቀመጣል፣ ይበላል፣ አፉን ይጠርጋል፣ ባዶውን አገልግል ለእናትየው ይመልሳል።

“በላልኝ?” ይሉታል እማማ አንጓች።

“በላ እማማ።”

“ምን አለህ?”

“እግዜር ይስጥልኝ በላት አለኝ።”

በየቀኑ ይጠይቁታል፤ በየቀኑ ይዋሻቸዋል። ላይ ደግሞ ሙጬ ብረቱን ይዞ ይጠይቃል። “አስር አለቃ፣ ከእናቴ ዘንድ ሰው አልመጣም?” “አልመጣም።” “ዛሬም?” “ዛሬም።”

አንድ ቀን ቸኮል መብላቱ ከበደው። ሾላው ሥር አገልግሉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ተነሥቶ እየሮጠ ኮረብታውን ወጣ። አስር አለቃ ዳምጤ እንደ ወትሮው ቅመስ አላለውም። “ዘገየህ” አለው። “ንዳድ ያዘው፤ ባዶ ሆድ ደግሞ ንዳድ አይችልም። ሌሊት አረፈ። እናቴ ጣለችኝ እያለ ነው ያረፈው።” ቸኮል አገልግሉን እዚያው በር ላይ ጥሎ ወረደ።

ለእናትየው ምን ነገራቸው? “ንዳድ ገደለው” አላቸው። እውነት ነው፤ ግማሹ። ከዚያ ወዲህ ማሳቸውን ያርስላቸዋል፣ እንጨት ይፈልጥላቸዋል። መንደሩ አድንቆ አይጠግብም። እሳቸውም ይመርቁታል፤ “ልጄን ያበላህልኝ፣ ማዕድህ አይጉደል” ይሉታል። እንዲህ ሲሉት ቸኮል የሚገባበት ያጣል። ስንት ጊዜ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ስንት ጊዜ ስለ በሬና ስለ ዝናብ አውርቶ ተመለሰ።

በመጨረሻ እማማ አንጓች አልጋ ያዙ። ቄሱም መጥተው ኑዛዜያቸውን ሰምተው ሄዱ። ከዚያ እማማ ቸኮልን ጠሩት። “ልጄ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሙጬ በመጨረሻ የበላበት አገልግል እዚያው ጣቢያው ቀርቷል። አምጣልኝ፤ አቅፌው ልሙት” አሉት። እምቢ ይበል? ምን ብሎ? ለዚህ ነው ቀትር ጠብቆ የወጣው።

አሁን በሩ ላይ ነው። ገባ። የአስር አለቃው አግዳሚ አለ፤ ምስጥ በልቶታል። ግድግዳው ላይ ባርኔጣ ተሰቅሏል፤ ሸረሪት አድርቶበታል። ፊሽካ አለ፣ ከነገመዱ። ቁልፉ የጠፋ ካቴና አለ፣ ዝጎ የተጣበቀ። አንድ እግር ቡት ጫማ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ አይጥ ወልዳበታለች። አገልግሉስ? ጥግ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ አገልግሉ አቧራ የለበትም።

አነሣው። ከበደው። ምስጥና አይጥ በሚርመሰመስበት ቤት ቂጣ ይህን ሁሉ ዓመት ይተርፋል? ከሥሩ ዳሰሰው። ይሞቃል።

ቸኮል ሊወጣ ዞረ። ፊሽካው ተነፋ። በቀስታ ነው የተነፋው፤ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው።

“ቁም። ምን ይዘሃል?”

አግዳሚው ላይ ማንም የለም። ድምፁ የመጣው ከእስረኛው ክፍል ነው። በመስኮቱ ብረት መሃል አንድ ጣት ወጣ። ቀጥሎ ሌሎቹ ወጡ። ቀጥሎ እጅ ወጣ፤ ቆዳና አጥንት የሆነ እጅ፣ መዳፉ ወደ ላይ። “እናቴ ምን ላከችልኝ?”

ቸኮል ድምፁን አወቀው። ሰርጉ ላይ የዘፈነለት ድምፅ ነው። “ቂጣ” አለ። “የገብስ ቂጣ።”

“ቅመስ።”

“ሙጬ፣ እኔ…”

“ቅመስ። ደንቡ ነው።”

ጠፍሩን ፈታ። ቂጣው አሁን የተጋገረ ይመስል እንፋሎቱ ወጣ። አንድ ጎረሰ። ራበው። ደገመ። ይብስ ራበው። እያለቀሰ ይጎርሳል፤ ማቆም አቃተው። እጁ እንደተዘረጋ ይጠብቃል። “ቸኮል፣ እናቴ ለምን ጣለችኝ?” ይላል ድምፁ። ቸኮል ይጎርሳል። “ለምን ጣለችኝ?” አንዲት ቁራሽ ስትቀር ቸኮል ተንበረከከ። “አልጣለችህም። እኔ ነኝ። ያንተን ምግብ እኔ በላሁት” አለ።

እጁ ቀስ ብሎ ተሰበሰበ። “ለእሷ ንገራት” አለ ድምፁ። “ሳትሞት ድረስባት።”

ቸኮል እንዴት እንደወረደ አያውቀውም። ሲደርስ እማማ አንጓች ነፍሳቸው አልወጣችም። አገልግሉን ደረታቸው ላይ አኖረላቸው። በእጃቸው ዳሰሱት። እንደ ድሮው፣ “በላልኝ?” አሉ።

“አልበላም እማማ። እኔ ነበርኩ የምበላው።”

እጃቸው አገልግሉ ላይ ቆመ። ከዚያ፣ “ምን ያህሉን?” አሉት።

“ሁሉንም።”

“ሁሉንም?” አሉ። “እኔ እኮ ለሁለት ሰው ነበር የማስቀምጠው። ቤትህ እሳት እንደማይነድ አውቅ ነበር። ግማሹ ያንተ ነበር። እንዳታፍር ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ግማሹን ታደርስለታለህ ብዬ ነበር ልጄ።”

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አልረገሙትም። አልመረቁትምም። እንደዞሩ አረፉ።

ቸኮል ከዚያ በኋላ ጠግቦ አላደረም። በየቀትሩ አገልግል ሞልቶ ሾላው ሥር ይቀመጥ ነበር፤ አላፊ አግዳሚውን “እባክህ ብላልኝ” እያለ። በዚያው ከስቶ ሞተ። ሙጬ ግን አሁንም ይጠብቃል። አሁንማ ቀትር ብቻ አይደለም ይላሉ። ምግብ የያዘ ብቸኛ መንገደኛ ካየ ከኋላው ይከተላል። ስለዚህ የሰው ምግብ ስትይዙ ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ሁኑ። ሁለት ሰው እርስ በርሱ ይተፋፈራል፤ ምግቡም ይደርሳል።

አገሩን አልነግራችሁም ብዬ ነበር። ሾላውን ግን ታውቁታላችሁ። ታረቀኝ ዛሬ እራታችንን ይዞ የሚያልፈው በሥሩ ነው።

ዝም በሉ። ኮቴ ነው። ታረቀኝ? ና፣ ና። አገልግሉን እዚህ አስቀምጥ። ምነው ቀለለ? ቀምሰሃል እንዴ? አፍህን ጥረግ እሺ፣ ማንም አይቆጣህም። ፈንታ፣ ያን ጭራሮ ፍሙ ላይ ጣል አድርግ፤ ፊቱን ልየው።

ታረቀኝ፣ ብቻህን ነው የሄድከው ብለውኛል። ታዲያ ከኋላህ እጁን የዘረጋው ማነው?