የማይጎድለው ውሃ

ውሃው ዛሬም አልጎደለም።

ጭራ ቦርሳዋን እንዳነገተች በርከክ ብላ የኮራሉን የመስታወት ገንዳ በዓይኗ ለካች። መስታወቱ ላይ በለጠፈችው ነጭ ፕላስተርና በውሃው መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት የለም። መብራት ቀኑን ሙሉ የሚበራበት ገንዳ ውሃው ይተናል፤ መጉደል ነበረበት። እሷ አንድ ጠብታ አልጨመረችም። እናቷ ወደዚህ ክፍል ዝር አትልም፤ በበሩ ስታልፍ እንኳ እርምጃዋን ታፈጥናለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሲነጋ ከፊት ለፊቱ ክፍል የስፌት መኪናው ላይ ተተክሎ ይውላል።

ክፍሉ የታላቅ ወንድሟ ነበር። ወንድም ጋሼ ትለው ነበር። እሱ ደግሞ ከኋላው ስለማትጠፋ ጭራ ብሎ አወጣላት፤ ቤቱም ሰፈሩም ተቀብሎ ጭራ ይላት ጀመር። መኪና ገጭቶት ከሞተ ወዲህ ግን ቤት ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራት የለም። የእሱንም ስም የሚያነሳ የለም። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፣ ጫማው አልጋው ስር ነው። ገንዳው ብቻ ብርሃኑን ግድግዳው ላይ እያርገበገበ፣ ሞተሩ ዝግ ባለ ድምፅ እያጉረመረመ፣ ሰው ያለበት ክፍል ያስመስለዋል።

«አለህ እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

ሞተሩ ማጉረምረሙን ቀጠለ። የፍርሃት ይሁን የደስታ ያልታወቃት ነገር ጀርባዋን ነዘራት።

ገንዳውን ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ያሰበችው ራሷ ናት። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል እንጂ ጨዋማ የባሕር ውሃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ምግብ ሲፈልግ የሚከፈቱ ትንንሽ አፎች ሞልተውበታል። አብሯት የሚሠራው የወንበር ጓደኛዋ፣ በወፍራም መነጽሩ የተነሳ ፕሮፌሰር የሚሉት ልጅ፣ መጀመሪያ ውሃውን እናሙቀው ብሎ ነበር።

«ኮራሉ ነጭ ሆኖ ድርቅ ሲል ዳኞቹ አፋቸውን ይዘው ይቀራሉ!»

«ለምን አንተን አንቀቅልህም?» አለችው።

በመጨረሻ ስለ ብርሃን እንዲሆን ተስማሙ። ከትልቁ ኮራል ላይ ቁራጮች ወስደው ግማሾቹን በገንዳው ቀኝ፣ ግማሾቹን በግራ አስቀመጡ። ከግራዎቹ በላይ የስጦታ መጠቅለያ ቀይ ላስቲክ ዘረጉ። አፎቹ በየትኛው ብርሃን ይበልጥ ይከፈታሉ? ጥያቄው ይህ ብቻ ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ» ብላቸዋለች የባዮሎጂ መምህርቷ። ፕላስተሩም የተለጠፈው ለዚሁ ነው፣ ውሃው ከመስመሩ ዝቅ ባለ ቁጥር እንዲሞላ።

መጀመሪያ ደህና ነበሩ። ከዚያ የግራዎቹ ተኮማተሩ። ወዲያው ደግሞ የቀኞቹ፤ ቀጥሎ ወንድም ጋሼ ከአውራ ጣት በማይበልጥበት ጊዜ ገዝቶ ያሳደገው ትልቁ ኮራል ራሱ አፎቹን ዘጋ።

ፕሮፌሰር ሊያይ መጥቶ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። «ሁለቱም ወገን ከተዘጋ ጥፋቱ የብርሃኑ አይደለም። የውሃው ነው። ማነው የሚሞላው?»

«ማንም።»

«ማንም ማለት? መንፈስ ነው?»

አልሳቀችም። እሱም ነገሩ ሲገባው መነጽሩን አውልቆ መወልወል ያዘ።

የጨው መለኪያው መሳቢያው ውስጥ ነበር። አንድ ጠብታ አድርጎ ወደ ብርሃን ማየት ብቻ ነው፤ ወንድም ጋሼ አስተምሯታል። አላወጣችውም። ብትለካውና ጨዉ ከልኩ ቢያልፍ፣ የሚሞላው ልኩን የሚያውቀው ወንድም ጋሼ አለመሆኑን ልታውቅ ነው፤ እሷ ደግሞ ማወቅ አልፈለገችም። የወንድሟ ኮራል ዓይኗ እያየ እየሞተ፣ ማታ ማታ ውሃውን የሚሞላው እሱ ነው ብላ መተኛት ይሻላት ነበር።

አንድ ቀን መምህራኑ ስብሰባ ስለነበራቸው ከምሳ በፊት ተለቀቁ። ቤት ስትደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ የለም። ከወንድሟ ክፍል ግን የሰው ድምፅ ይሰማል።

«እንካ ጠጣ የኔ ልጅ። ዛሬም ፀሐዩ ከረር ብሏል፣ ውሃህን ቀነሰብህ።»

በሩን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ስትፈራውም ስትናፍቀውም የሰነበተችው መንፈስ የአባቷን ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ የስፌት ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የኩሽናውን ጆግ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። አጠገቡ የወንድም ጋሼ የባሕር ጨው ከረጢት ተከፍቷል።

ለካ ሌላ ማንም አልነበረም። ወንድሟ ገና ዛሬ የሞተ ያህል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሳትታይ መመለስ ትችል ነበር። እሱ ጨው ይጨምራል፣ እሷ ተደብቃ ትቀንሳለች፤ ማንም ማንንም ሳያስከፋ፣ ኮራሉ መሀል ላይ እየተንገላታ። እዚህ ቤት ከዓመት ወዲህ ሁሉ ነገር እንደዚያው ነበር።

«አባዬ።»

ደንግጦ ውሃው እጁ ላይ ፈሰሰበት። «ምነው፣ ዛሬ በጊዜ መጣሽ?»

«አንተ ነህ የምትሞላው?»

«ታዲያ ይድረቅ? ወንድምሽ ጨው በጥብጦ ሲጨምርበት እዚህ በር ላይ ቆሜ አየው ነበር። እንደሱ አድርጌ ነው የምበጠብጠው።»

«ወንድም ጋሼ የሚበጠብጠው አሮጌውን ውሃ ቀድቶ ሲደፋ ነው። ሲተን ግን ውሃው ብቻ ነው የሚሄደው፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል። በላዩ ላይ ሌላ ጨው ሲጨመር…» መጨረስ አቃታት።

አባቷ የተዘጋውን ኮራል አየ። ጆጉን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ወንድም ጋሼን መኪና በገጨው ቀን፣ የተሰፋ ልብስ ለደንበኛ እንዲያደርስ የላከው አባቷ ነበር። ይህ ነገር እቤት ውስጥ ተነስቶ አያውቅም።

«አልገደልክም» አለች። ሄዳ እጁን ያዘችው። «አባዬ፣ አንተ አልገደልክም።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠመኔው ወድቆ ተሰበረ፣ ማንም አላነሳውም።

ሲረጋጉ መለኪያውን አወጣች። ጨዉ ካሰበችውም በላይ ነበር። ከገንዳው አንድ ጆግ ቀድተው ደፉ፣ በምትኩ የተጣራ ንጹሕ ውሃ ሞሉ።

«ይኼ ብቻ? ለምን ባንዴ አንጨርሰውም?» አለ አባቷ።

«ባንዴ ከሆነ ይጎዳል። ትንሽ ትንሽ ነው የምንቀንሰው።»

ማታ ለፕሮፌሰር ደውላ የሆነውን ነገረችውና ሙከራውን እንደገና እንጀምር አለችው።

«ከዜሮ?» ጮኸ። «ውድድሩ እኮ ደረሰ! ጨው ነው የጎዳው ብለን እንጻፍና እንገላገል። ውጤቱ እጃችን ላይ ነው፣ እናሸንፋለን!»

እውነቱን ነው፣ ያሸንፉ ነበር። አባቷም ያቺን አንድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ አዳራሹ ይመጣና ውጤታቸው የተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆሞ ጨው ነው የጎዳው የሚለውን ያነበው ነበር።

«ከዜሮ ነው» አለች። «ካልደረሰም አይድረስ።»

ጨዉ ልኩ ላይ ሲደርስ ትልቁ ኮራል ገና እንደተዘጋ ነበር፤ በአንድ ጥጉ ላይ ብቻ ጥቂት አፎች ከፈት ብለዋል። ጭራ አዲስ ፕላስተር ለጥፋ ትምህርት ቤት ሄደች። ስትመለስ በርከክ ብላ አየች። ውሃው ከፕላስተሩ በታች ወርዷል።

ጆጉ አጠገቧ ነበር። አልነካችውም።

«አባዬ! ጎድሏል!»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«መጣሁ፣ ጭራ።»