አጥሩ የሰማው «እንብላ»

በሐዋሳ ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ ያሉ አጥሮች ከመንዘራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «እህህ» ይላሉ፤ ቀጥለው «ተመለስ» ይላሉ፤ እምቢ ያለውን ብቻ ይነዝሩታል። ሰዉ «ነዛሪ» ይላቸዋል። ሽቦ የላቸውም፤ ኤሌክትሪኩ በአየር ላይ እንደ መጋረጃ የተዘረጋ ነው። ነዛሪ ቋንቋ ይሰማል፤ አጠገቡ የደረሰውን ሁሉ በገላው ሙቀት ይለያል፤ የጠገበውንና የራበውን ሳይቀር ያውቃል።

በአርባኛው ፎቅ ሰገነት ላይ ያለውን አትክልት የሚጠብቀው ነዛሪ ግን ሰሞኑን ለጦጣዎች መክፈት ጀምሯል።

የአጥር ጠጋኟ ትርሲት መሣሪያዋን አንግታ ስትደርስ፣ አትክልተኛው ጋሽ ሌዳሞ የተነቀለ ካሮት ይለቅሙ ነበር። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ዓይናለም ቁርጡን ነግረዋቸዋል፤ አትክልቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተበላ ሰገነቱ የበራሪ ታክሲ ማረፊያ ይሆናል።

«ደህና አጥር ነበር፤ ጉቦ አስለምደውት ነው» አሉ ጋሽ ሌዳሞ።

«የጦጣ ጉቦ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ትርሲት እየሳቀች።

መሣሪያዋን ሰካች። ኃይሉ ሙሉ ነው፤ ጆሮውም ደህና ነው። ግራ ሲገባት አጥሩን ራሱን ጠየቀችው።

«ለምን ከፈትክላቸው?»

«ተጋብዘው ነው።»

«ማን ጋበዛቸው?»

«ጋሽ ሌዳሞ። በየቀኑ፣ ምሳ ሲበሉ።»

ጋሽ ሌዳሞ የያዙት ካሮት ከእጃቸው ወደቀ። «እኔ? ጦጣ?»

አጥሩ የእሳቸውኑ ድምፅ መልሶ አሰማቸው፤ «እንብላ።»

ትርሲት ነገሩ ገባት። ጋሽ ሌዳሞ ምሳቸውን የሚበሉት ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ነው። ከአጥሩ ውጭ ባለው መተላለፊያ ለሚያልፍ ሁሉ «እንብላ» ይላሉ፤ አላፊውም «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ይሄዳል። ከኋላ የሚጠብቁት ጦጣዎች ግን «ብሉ» ማለት አያውቁም።

«ታዲያ ዝም ብዬ ልብላ? ከጉሮሮዬም አይወርድ» አሉ ጋሽ ሌዳሞ።

«እርስዎ እንደ ልማድዎ ይበሉ። እሱን እናስተምረዋለን።» ወደ አጥሩ ዞረች። «‹እንብላ› ሰላምታ ነው። አትክፈትበት።»

«የራበው ሰው ‹እንብላ› ሲሉት ምን ይላል?»

ትርሲት ጋሽ ሌዳሞን አየቻቸው።

«እሱም ‹ብሉ› ይላል» አሉ ጋሽ ሌዳሞ። «ያፍራላ።»

«በምን ይታወቃል?»

«ለዚያ እኮ ነው ‹በሞቴ› የምንለው። እሱ የምር ነው።»

ትርሲት እንደዚያው አስገባችለት፤ «እንብላ» ሲባል አይከፍትም፤ «በሞቴ» ሲባል ይከፍታል።

በማግስቱ ትርሲትም ወይዘሮ ዓይናለምም ሊያዩ መጡ። ጋሽ ሌዳሞ ቆጮና ጎመናቸውን ዘርግተው «እንብላ» ሲሉ ጦጣዎቹ ተንደረደሩ።

«እህህ» አለ አጥሩ። «ተመለሱ።»

ትልቁ ጦጣ እጁን ሰደደ፤ ነዘረው። እየጮኸ ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አንድም ካሮት አልተነካም።

«እንግዲህ አትክልቱ ይቆይ» አሉ ወይዘሮ ዓይናለም ከመተላለፊያው ሆነው።

«እግዜር ይስጥልኝ። እንብላ» አሏቸው ጋሽ ሌዳሞ።

«ብሉ፣ ይባረክ። አሁን በልቼ መውጣቴ ነው።»

ሊሄዱ ሲሉ መጋረጃው ተከፈተ።

«እህህ» አለ አጥሩ። «በሞቴ።»

ወይዘሮ ዓይናለም ባሉበት ቆሙ። ትርሲት ቃሉን እንዲሰማ እንጂ እንዲናገር አላስተማረችውም ነበር።

«አንተ ደግሞ የምን ሞት አለህና ነው?» አሉት ጋሽ ሌዳሞ። ይህን እያሉ ግን ጎመኑን ወደ መሃል ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁ።

ወይዘሮ ዓይናለም እጃቸውን ታጠቡ።