ከካቡ ማዶ «ይሠራል» ያለው ድምፅ

መንፈስ፣ ጥላ፣ ከገደል ውስጥ ስም የሚጠራ ድምፅ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ እኔ በልቤ እስቅ ነበር፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ምህንድስና ለመግባት ነው የማስበው፣ ሁሉም ነገር ምክንያት አለው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ስለዚህ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ደረጀ የአክስቴ ልጅ ነው። ሞላሌ ከተማ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል፣ ለአውሮፕላን ጥገና ሥልጠናም አብረን ተፈትነን እሱ አለፈ፣ እኔ ቀረሁ። አሁን አውሮፕላን ውስጥ ዋይፋይ ይገጥማል፣ የጣሪያውን ሽፋን ፈትቶ ሳጥኑን ያስራል፣ ገመዱን ይዘረጋል፣ ከዚያ በላፕቶፕ ያስተካክለዋል። ለፋሲካ መጥቶ ይህን ሲያስረዳ አባቴ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚሰሙት፣ እኔ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሳወራ ግን በጎቹን ለማየት ይወጣሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅናት አንጀቴን ይበላኝ ነበር፣ መፍቻ የላጠው ጣቱ ሳይቀር ያስቀናኝ ነበር።

«ለክረምት ረዳት እንፈልጋለን፣ አለቃዬ የምታምነው ሰው ካለ አምጣ ብሎኛል» አለ ደረጀ።

«ይሄን ውሰደዋ» አሉ አባቴ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ፣ «ብቻ በመሃል እንዳይተኛብህ።»

«እስቲ እንፈትነዋ፣ ጋሼ።»

ፈተናው እነሱ ሥራ ላይ የሚያደርጉት ነው። አንዱ ከፊት ላፕቶፑ ጋ ይቀመጣል፣ ሌላው ስልክ ይዞ በወንበሮቹ መሃል ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በየረድፉ ቆሞ ኔትወርኩ ካለ «ይሠራል»፣ ከሌለ «ጠፋ» ይላል፣ የፊተኛው «ቀጥል» ይለዋል። ደረጀ ለልምምድ የገዛትን ትንሽ የዋይፋይ ሳጥን ከፓወር ባንክ ጋር አገናኝቶ ደጃፋችን ድንጋይ ላይ አስቀመጣት፣ እኔ በማሳው ዳር የድንጋይ ካቡን ተከትዬ ወደ ገደሉ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ጥቂት እንደተራመድኩ ጉሙ እንደ ልማዱ ከገደሉ ወጥቶ ሸፈነን፣ ቤቱም ሰዎቹም ጠፉብኝ፣ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ይሠራል።»

«ቀጥል።»

ካቡ የሚያልቀው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። እዚያ ስደርስ ስልኬ ድርግም ብሎ ጠፋ፣ ባትሪው አለቀ። ቆምኩና «ጠፋ» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ ከፊቴ፣ መሬት ከሌለበት፣ ከጉሙ ውስጥ «ይሠራል» የሚል ድምፅ መጣ።

«ቀጥል» አለ ደረጀ ከኋላዬ።

የገደል ማሚቶ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኩት፣ ግን እኮ እኔ ያልኩት «ጠፋ» ነው። ድምፁ የኔ ነበር። ከዚያው ከፊቴ ጠጠር ከእግር ሥር ሲያመልጥ ሰማሁ፣ ወደ ታች ሲወርድ ግን አልሰማሁም፣ ቀጥሎ ራቅ ብሎ እንደገና «ይሠራል» አለ፣ ሳይፈራ፣ ሥራውን እንደለመደ ሰው፣ እኔ እንዲህ በተናገርኩ ብዬ በምመኘው አነጋገር።

«ደረጀ፣ ጠፋ ብያለሁ እኮ!»

«ቀጥል» አለ ደረጀ። ለእኔ አልነበረም።

ካቡን እየዳበስኩ ተመለስኩ። ደረጀ ዓይኑን ከላፕቶፑ አልነቀለም።

«አንተ ሰውዬ፣ የት ድረስ ነው የሄድከው? ድምፅህ ከማዶ ነበር እኮ የሚመጣው።»

«ካቡ ጋ ነው የቆምኩት፣ ጠፋ ብያለሁ።»

«ጠፋ የሚል አልሰማንም» አሉ አባቴ፣ ትከሻዬን ያዝ አድርገው። «ጎበዝ፣ አያመነታም። ውሰደው፣ ደሬ።»

ከልጅነቴ ጀምሮ የጠበቅኩት ቃል ነበር፣ ሲደርሰኝ ግን የሌላ ሰው ሆነ። የጠፋውን ስልኬን ለደረጀ አሳየሁት፣ እሱም ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው፣ እዚያ ላይ ስልኬ አሁንም ከሳጥኗ ጋር ተገናኝቶ እየሠራ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን ደረጀ ደወለልኝ። አውሮፕላን ውስጥ ብቻውን እያስተካከለ ሳለ ከኋላ ወንበሮቹ በኩል «ይሠራል» የሚል ድምፅ መስማቱን ነገረኝ።

«አንተ መስለኸኝ ቀጥል አልኩ» ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር። «ሽሜ፣ ክረምት ትመጣለህ አይደል?»

መፍራት ነበረብኝ፣ እመኑኝ፣ እኔን ግን ያንገበገበኝ ሌላ ነው፣ እኔ እስከ ዛሬ አውሮፕላን ደጃፍ አልደረስኩም፣ ያ ድምፅ ግን ገብቷል። እመጣለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ።

«እሺ፣ እመጣለሁ ካልክ በቃ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ» አለኝ ደረጀ። እኔ ገና ምንም አልተናገርኩም ነበር።