ዘጠኝ ሰዓት የሚያልፈው ባቡር

አለበል ፖስታውን የመነተፈው ሉማሜ ላይ፣ የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ሻይ ሲሻማ ነው። ሠላሳ ሰው ከቦታል። ሠላሳውም አላየውም። የተሰረቀበት የጠላት መልእክተኛ ራሱ «ይቅርታ ወንድሜ» ብሎ መንገድ ለቀቀለት!

ሰባት ወር ሙሉ ደምበጫ ገበያ የፈረስ ጥርስ ሲመረምር የኖረው ደላላ አለበል፣ የስለላ ስሙ «ፉርጎ» ነው ቢባል ፈረሶቹም በሳቁ። ባቡር አልፎበት በማያውቅ አገር የባቡር ሰላይ ማን ይፈልጋል? ጠላትም ጎጃም የገባው ይህንኑ አስልቶ ነው።

ፖስታው ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። ሺህ ስምንት መቶ ወታደር ወደ ምሥራቁ ግንባር የሚያደርሰው ባቡር የጉዞ ሰዓት። በመኪና ሦስት ቀን የሚፈጅን ጦር ሐዲዱ በአንድ ቀን ይውጠዋል። በመንገዱ ያለውን ትልቁን ድልድይ የሚያልፈው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ከወታደሮቹ አንዱ እንዳላማው ነው። የአለበል ታናሽ ወንድም።

ሚኒባሱ ነፋሱን ቀድሞ ደብረ ማርቆስ ገባ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አለበል የአለቃው የጋሽ አምደሚካኤል ሳሎን ተቀምጧል።

«አመጣኸው?»

«ይኸው ጋሼ።»

«አንበሳ! ኪስህ ይቆይ። መጀመሪያ ጉሮሮህን አርጥብ።»

ጠጁን በብርሌ ቀዱለት።

አለበል እጁን ዘረጋ።

አልቀመሱም።

እኚህ ሰው ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ለእንግዳ አያቀርቡም። አባቱ ሲሞት ከነወንድሙ ያሳደጉት፣ ሙያውንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ሳይቀምሱ ብርሌ ሰጥተውት አያውቁም።

«ይቅመሱልኝ እንጂ ጋሼ።»

«ባዳ ሆንክብኝ?»

«ባዳ ያደረጉኝስ እርስዎ ነዎት።»

የሽማግሌው እጅ ትራሱ ሥር ሾለከ።

አለበል ቀደመ። ሽጉጡ እጁ ገባ።

«ለምን?»

«ሰዓቱን ትናንት ለጠላት ሸጬዋለሁ፣ አለቤ። ድልድዩ ላይ ፈንጂ ቀብረዋል። ፖስታው ላንተ የተጠመደ ነው። በሬሳህ ኪስ ውስጥ ሲገኝ ሌባው አንተ ትሆናለህ።»

«እንዳላማው እኮ ባቡሩ ላይ ነው!»

«አውቃለሁ።»

ያቺ «አውቃለሁ» ከመድፍ ይበልጥ መታችው።

ባንድ እጁ ሽጉጥ፣ በሌላው ስልክ። የባቡር መቆጣጠሪያ ክፍል። ዘሪቱ የተባለች ተረኛ አነሣች። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

«ባቡሩን አቁሙት! ድልድዩ ላይ ፈንጂ ተቀብሯል!»

«ማን ልበል?»

ጋሽ አምደሚካኤል ፈገግ አሉ። «ንገራት። ስሙን ስትሰጣት አንገትህንም ጨምር። ወረቀቱ ያለው አንተው ዘንድ ነው።»

«ፉርጎ።»

ዘሪቱ ይህን ስም ከምስጢር መዝገቡ ታውቀዋለች።

ወዲያው ስትጮኽ ተሰማ። «የመስመሩን ኤሌክትሪክ ቁረጡት! አሁኑኑ!»

አምስት ደቂቃ አምስት ዓመት ሆነ።

«ፉርጎ? ቆሟል። ከድልድዩ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ወዲህ።»

ጋሽ አምደሚካኤል ገረጡ። ሰዓቱን የገዟቸው ሰዎች ምሕረት እንደማያውቁ ያውቃሉ። ብርሌውን አነሡ።

«በል፣ አሁን ልቅመስልህ።»

«ተዉ ጋሼ!»

ጨልጠውታል።

ደብረ ማርቆስ ጋሽ አምደሚካኤልን በክብር ቀበረች። ነጠላ ያላዘቀዘቀ አልነበረም። ገዳያቸው፣ የሰነድ ሌባው «ፉርጎ»፣ በየኬላው ይፈለጋል።

ከሳምንት በኋላ ቁይ ገበያ፣ ጢሙን ያሳደገ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ስልክ ደወለ።

«እንዳላማው? ደኅና ነህ?»

«አንተ! ጋሼን ገድለህ ደግሞ ትደውላለህ? እኔ ወንድም የለኝም!»

ተዘጋ።

ድምፁ ግን ጤነኛ ነበር። የወንድሙ ድምፅ።

«ኧረ ስፈርልኝ! ምን ያፈዝዝሃል?» አለች አንዲት ገበያተኛ።

ሰፈረላት። ምራቂም ጨመረላት።