ለእህቴ የመረጥኩላት ሆቴል

ውሸታም ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ እናንተም ከኔው ስሙት።

የምነግራችሁ ግን በእውነት የሆነ ነገር ነው። ወላሂ የሆነ ነገር ነው።

ጨለማ የለበትም። ጅብም መቃብርም የለበትም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ መካነ ሰላም፣ ከገበያው በላይ ባለው ቤታችን፣ ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላ...

ዘመኑ 1997 ነው። እኔ አስራ አራት ዓመቴ።

እህቴ ሱሀይላ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። እኔ እንድማር ብላ እሷ ሳትማር ቀረች። እኔ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ላይ ሰለቸኝና ተውኩት።

እንዲህ ያለሁ እህት ነኝ።

የዚያን ቀን እትዬ ቦጋለች መጡ። ሴቶችን አረብ አገር የሚልኩ ደላላ ናቸው። ከቦርሳቸው ሁለት የሚያብረቀርቅ ወረቀት አውጥተው መደቡ ላይ ዘረጉ። ሁለቱም የሀብታም ሆቴል ነው፣ ሁለቱም አልጋ አንጣፊ ይፈልጋል፣ የወደዳችሁትን ምረጡ አሉን።

አንዱ በረሃ መሀል ነው። ዝቅ ያለ፣ አሸዋ የመሰለ፣ ዙሪያውን ቴምር የተተከለበት። እዚያ የአቀስታዋ ሰብሌ ትሠራለች፤ ሱሀይላ ታውቃታለች።

ሌላው ባህሩ ጠርዝ ላይ ነው። ከእግር እስከ ራሱ መስታወት። ፎቁን ልቆጥር ሞክሬ ተምታታብኝ።

አባቴ ሃሩን ወረቀቶቹን አገላብጠው አዩና ወደኔ ገፏቸው። "የተማረችዋ ታንብብ" አሉ።

ስድስተኛ ክፍል እኮ ነው! እንግሊዝኛውን ፊደሉን እለያለሁ እንጂ ምን እንደሚል በየት በኩል ልወቀው። አላውቅም ማለት ደግሞ ለኔ ሞት ነው።

ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግኩና አነበብኩ... ማለት፣ ያነበብኩ መሰልኩ።

የበረሃውን ውሃው በወረፋ ነው ይላል አልኩ። የባህሩን አሳመርኩት። ለምን? ባለ መስታወቱ ሆቴል ፊት ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ለጓደኞቼ ላሳይ። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

ሱሀይላ ወረቀቱን አላየችም። የምታየው አፌን ነበር።

"ያገር ሰው አለ ይላል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አለ። አልታዬ የሚባሉ ሴት ናቸው። ረጅም፣ ባለ ወርቅ ጥርስ። በር ላይ ይቀበሉሻል።"

አልታዬ የሚባል ሰው አላውቅም። አፌ ላይ የመጣውን ነው ያልኩት።

"መውጫውስ? ወደ አገር መመለሻው መቼ ነው ይላል?"

ከታች አንዲት አጭር መስመር ነበረች። ጣቴን አሳረፍኩባት።

"ከዚህ ሆቴል የወጣ ሰው የለም ይላል። ስለሚመቻቸው።"

እትዬ ቦጋለች ሳቁ። አባቴ አልሐምዱሊላህ አሉ። ሱሀይላ ብቻ አልሳቀችም።

"እሺ" አለች። "ኡሙ ካለች እሺ።"

ኡምኩልሱም ነው ስሜ። ኡሙ የምትለኝ እሷ ናት።

ሄደች።

ሰባት ወር ድምጿ ጠፋ። በኛ አገር የአረብ አገር ወሬ በካሴት ነው የሚመጣው፤ ሰው ድምፁን ቀድቶ በመንገደኛ ይልካል። በስምንተኛው ወር የደሴው መኪና ሾፌር አምባቸው አንድ ካሴት አመጣልን። ማን ሰጠህ ስለው፣ መናኸሪያ የቆመች አንዲት ረጅም ሴት አለኝ።

ልብ አላልኩም።

ከጎረቤት ቴፕ ተውሰን ከፈትነው። አሁንም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሱሀይላ ናት። አባቴን ሰላም አለች፣ እኔን ሰላም አለች፣ ደህና ነኝ አለች። ከዚያ...

"እትዬ አልታዬ በር ላይ ተቀበሉኝ። ኡሙ እንዳነበበችው ናቸው። ረጅም ናቸው፤ ጥርሳቸውም ወርቅ ነው።"

አባቴ ጭኔን መታ መታ አደረጉኝ። "ፊደል የቆጠረ ሰው እንዲህ ነው!"

ወደ ቴፑ ጠጋ አልኩ።

ሱሀይላ ቀጠለች። ሲነጋ አልጋ ታነጥፋለች። እስኪመሽ አልጋ ታነጥፋለች። የተኛበት ሰው ግን አይታ አታውቅም። አቧራም የለም።

"ስለ ምግብ ኡሙ ያነበበችው ነገር አልነበረም" አለች። "እዚህም ምግብ የሚባል የለም። አይርበኝም።"

አባቴ ይሄን አልሰሙም፤ የዐስር ሶላት ደርሶ ሊሰግዱ ወጥተው ነበር። ብቻዬን ነኝ።

ሰላምታዋን ጨረሰች። ካሴቱ ባዶውን ሽሽ እያለ ዞረ... ዞረ... ላጠፋው እጄን ስዘረጋ አንዲት ሌላ ሴት አንሾካሾከች።

"ሌላ ገጽ አለው ወይ በያት።"

ከዚያ እህቴ፣ በጣም ቀስ ብላ፦

"ኡሙ... ሌላ ገጽ አለው ወይ?"

በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ ድሮ እንግሊዝኛ ያስተምረኝ ወደነበረው መምህር ጋሹ ሮጥኩ። አነበበውና ሳቀ።

"ፎቶ መሰለሽ? ንድፍ ነው። ገና ሊሠራ ነው፤ ካራት ዓመት በኋላ ይከፈታል ይላል።"

"አሁን እዚያ ምን አለ?"

"አሸዋ ነዋ።"

እትዬ ቦጋለች ቤት ብሄድ ለቀው ደሴ ከገቡ ሰንብተዋል ተባልኩ። ላባቴ ልንገር ብዬ ሦስት ጊዜ ፊታቸው ቆምኩ። ሦስቱንም ጊዜ ቀና ብለው "ምን ልታነቢልኝ ነው የኔ ምሁር?" አሉኝ። ሦስቱንም ጊዜ ወደ ጓዳ ተመለስኩ።

የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። መዋሸት።

ባዶ ካሴት አገኘሁ። ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ጣቴን መስመር ላይ አድርጌ ቀዳሁ።

"ሱሀይላ፣ ሌላ ገጽ አለው። በጓሮ በኩል በር አለ ይላል። ጁምዓ ቀን ይከፈታል ይላል። ሱሀይላ ብቻ ትወጣለች፣ ማንም አይከተላትም ይላል። ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ መካነ ሰላም... እስከ ቤታችን ደጃፍ ድረስ በሰላም ትደርሳለች ይላል።"

ካሴቱን ለአምባቸው ስሰጠው ለማን ብሎ አልጠየቀኝም።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ያቺ ረጅሟ ሴት እየጠበቀች ነው።"

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ሱሀይላ ደጃፋችን ላይ ቆማለች።

የሄደችበትን ቀሚስ ለብሳለች። የመጋቢት አቧራ ሰው በሚያንቅበት መንገድ መጥታ ጫማዋ ላይ አንዲት ብናኝ የለም።

አባቴ አቅፈዋት አለቀሱ። ግቢ ልጄ እያሉ ጎተቷት። ፈገግ አለችላቸው እንጂ አልተነቃነቀችም። ደክሟታል ብለው መቀመጫ ሊያነጥፉላት ገቡ።

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

"ደጃፍ ድረስ ነው ያነበብሽው" አለች። "ከዚህ በኋላ ምን ይላል?"

...

ወረቀቱን አወጣሁ። ጣቴን ከመጨረሻው መስመር በታች፣ ባዶው ላይ አደረግኩ።

"ትገባለች ይላል" አልኩ።

ገባች።

"ትቀመጣለች ይላል።"

ተቀመጠች።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። በየጧቱ አልጋዋ ላይ ዓይኗን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ትነሳለች ይላል እላለሁ። ትታጠባለች ይላል። ትበላለች ይላል። አንዳንዴ አባቴ ደስ እንዲላቸው ትስቃለች ይላል እላለሁ፤ ትስቃለች። አባቴ ይሄን ጊዜ አረብ አገር ሰው ያደርጋል ይላሉ።

ያን ወረቀት ማንበብ እንደማልችል እስከዛሬ አልነገርኳትም። ብነግራት፣ እዚህ ያቆማት ምን ሊሆን ነው? አፌን የምታየው ዛሬም እንደዚያን ቀን ነው።

ትናንት ከገበያ ዘግይቼ መጣሁ። ትቀመጣለች ብዬ ነበር ትቻት የሄድኩት።

ቆማለች። ፊቷን ወደ ጓዳው ግድግዳ አዙራ። የጭቃ ግድግዳ ነው፤ መስኮት የለውም፤ ከኋላው ገደሉ ነው።

ይሄን እኔ አላነበብኩላትም።

"ሱሀይላ..." አልኩ።

አልዞረችም። ሁለት እጇን ቀስ ብላ አንስታ የመስታወት መስኮት መጋረጃ እንደሚገልጥ ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፈተች።

ሰማያዊ ብርሃን ፊቷ ላይ ወጣ... እንደ ባህር ውሃ እየተወዛወዘ።