ቲማቲም፣ ቲማቲም፣ ቅላ!

መቂ ከተማ ውስጥ፣ ከነሲፈን ቤት ጓሮ፣ ሌላ ቤት አለ። ግድግዳውም ላስቲክ፣ ጣሪያውም ላስቲክ ነው።

ሰው አይኖርበትም። የሚኖሩበት ቲማቲሞች ናቸው!

ትልልቅ ቲማቲሞች። ድብልብል ያሉ ቲማቲሞች። ግን ሁሉም አረንጓዴ!

ሲፈን ጠዋት ጠዋት እየሮጠች ትመጣለች። ጎንበስ ትልና፣ «ቲማቲም፣ ቲማቲም፣ ቅላ! ቅላ!» ትላለች።

ቲማቲሙ ግን ዝም!

አንድ ቀን ዘፈነችለት። አጨበጨበችለት። ጧ! ጧ! ጧ! «ቲማቲም፣ ቲማቲም፣ ቅላ! ቅላ!»

ቲማቲሙ ግን ዝም!

«አባዬ፣ ለምንድን ነው የማይቀላው?»

አባቷ ቲማቲሞቹን በገመድ ደገፍ እያደረገ፣ «ሙቀት ይፈልጋል፣ የኔ ልጅ» አላት።

ሙቀት! ሲፈን አንድ ነገር አሰበች።

አባቷ ወደ ገበያ ሲሄድ፣ የላስቲኩን ቤት በር ዘጋችው። ጓ! በጎንና በጎን ተጠቅልሎ የነበረውንም ላስቲክ ፈታችው። ሿ! ሿ!

«አሁን ይሞቃችኋል» አለቻቸው። ደስ እያላት ልትጫወት ሄደች።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለች።

ሲፈን ተመልሳ በሩን ከፈት ስታደርግ... ኡፍፍፍ! የድስት ክዳን የተከፈተ ይመስል፣ ትኩስ አየር ፊቷን ገረፋት።

ቅጠሎቹ ጥውልግ ብለዋል። ግንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«አባዬ! አባዬ! ድረስ!»

አባቷ ከገበያ መመለሱ ነበር። ዘንቢሉን ጥሎ ሮጠ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ላስቲኩን ጠቀለለ። ነፋሱም ፉፉፉፉ እያለ ገባ።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለች ሲፈን። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እንዲሞቃቸው ብዬ ነው። ይሞታሉ እንዴ?»

አባቷ አቀፋት። «አይሞቱም፣ አይዞሽ። ሞቅ ሲል ቲማቲም ደስ ይለዋል። ሲያቃጥል ግን መቅላቱን ይተወዋል። አንቺስ ብትሆኚ፣ በዚህ ፀሐይ ሦስት ብርድ ልብስ ብደርብብሽ?»

«ኧረ እቀልጣለሁ!» አለች ሲፈን። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ መጣ።

አብረው ውሃ አጠጡ። አመሻሹ ላይ አንድ ቅጠል ቀና አለ። ሌላውም ቀና አለ። ሁሉም ቀና፣ ቀና፣ ቀና አሉ!

ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ስትበረታ ላስቲኩን ይጠቀልላሉ። ሲበርድ ይለቁታል። ሲፈንም ትጠብቃለች።

መጠበቅ ግን እንዴት ይከብዳል!

አንድ ጠዋት፣ አንዱ ቲማቲም ነጣ አለ። ከዚያ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ብርቱካን መሰለ።

«ቲማቲም፣ ቲማቲም፣ ቅላ! ቅላ!»

ከዚያስ?

«ቀላ! ቀላ! አባዬ፣ ቀላልኝ!»

ሲፈን ቲማቲሙን ቀጠፈችው። አጠበችው። ገመጠችው። ፍጭቅ!

ጭማቂው ተፈናጥሮ የአባቷ አፍንጫ ላይ አረፈ። «ኧረ አፍንጫዬም ቀላ!» አለ አባቷ። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ያን ማታ እናቷ ብርድ ልብስ ልታለብሳት መጣች። ሲፈን ግን እንቅልፍ ወስዷታል፤ አገጯ ላይ አንዲት ትንሽ የቲማቲም ዘር ተለጥፋለች።

እናቷ ዘሯን በጣቷ ቀስ ብላ አነሳቻት። ግንባሯንም ሳም አደረገቻትና፣ «ደህና እደሪ፣ የኔ አትክልተኛ» አለቻት።