ድንጋዩ ያልበራለት እውነት

በዚያ ማለዳ የሐመልሜራ አሞሮች በሙሉ ከቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ተነስተው ወደ ምዕራብ ነጎዱ። ሽማግሌዎች «ክፉ ምልክት ነው!» አሉ። ሽማግሌዎች መቼም ቢያካፋም ክፉ ምልክት ነው ይላሉ፤ የዚያን ዕለት ግን አልተሳሳቱም።

በአደባባዩ መካከል የምስክር ድንጋይ ቆሟል፤ እንደ ግንብ የገዘፈ፣ እንደ ወተት የነጣ፣ በደረቱ ላይ አሥራ ሁለት ሕግጋት የተቀረጹበት። በሐመልሜራ ቃሉን ማስመስከር የፈለገ ሰው ግራ መዳፉን በድንጋዩ ላይ አኑሮ ይናገራል። ከሕግጋቱ ተነስቶ ወደ ቃሉ የሚያደርስ መንገድ ካለ ድንጋዩ ይበራል። ከሌለ ይጨልማል፤ የተናጋሪውም ድምፅ በዚያው ተነጥቆ ይቀራል። ድንጋዩ ለሐሰት በርቶ አያውቅም። ስለዚህ ሕዝቡ ያልበራለት ሁሉ ሐሰት ነው ብሎ ደመደመ። ይህችን ስህተት ለዘመናት አብሯት በላ፣ ጠጣ፣ ልጅም ዳረባት።

ያን ዕለት መዳፉን ያኖረው ዝጊር ነበር፤ የንጉሡን የንጋት ዘውድ ሰርቀሃል የተባለው ወጣት ጋሻ ጃግሬ።

«ዘውዱን አልሰረቅሁም!» አለ።

ድንጋዩ ጨለመ። ዝጊር ዳግመኛ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም።

እህቱ ነሐሪት ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች ወጣች። ዘውዱ በጠፋበት ሌሊት ዝጊር የታመመችውን ዓይነ ስውር እናታቸውን እጅ ይዞ ነው ያነጋው፤ ነሐሪት በዓይኗ አይታለች።

«ከሳሹም እጁን ያኑርና ‹ሰርቋል› ይበል እንጂ! ምነው፣ ፈራ እንዴ?»

«ድንጋዩ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይጠየቅም» አለ ንጉሥ ደምራስ። «ጨረቃ ስትሞላ ወንድምሽ ወደ ገደሉ ይወረወራል። ሕጉ ይኸው ነው።»

«እንግዲያው ሕጉ ጎድሎታል! የጎደለውን አምጥቼ አስቀርጽበታለሁ፤ በእናቴ ጡት እምላለሁ!»

ሕዝቡ ሳቀ። ያልሳቀው ወርጃን ብቻ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋዩን የጠበቀው አንድ ዓይና ጦረኛ። ጦሩን አንስቶ ከኋላዋ ተከተለ።

«ልጄም በዚሁ ድንጋይ ነው የጨለመባት» አላት ከበሩ ሲወጡ።

እናቷ ፊቷን በእጇ እየዳበሰች ሸኘቻት። «አንቺ ከመድረስሽ በፊት ወሬሽ ነው በር የሚያንኳኳው። ስትመለሺ ከማዶ እሰማሻለሁ፣ ልቤ ያርፋል።»

የድንጋዩ ቀራጭ ወደሚኖርበት ወደ ጎሜራ ተራራ የሚወስደው መንገድ በጭጋግ ጅቦች አገር ያልፋል። እነዚህ አውሬዎች ጥርሳቸው ውርጭ፣ ሥጋቸው ጉም ነው፤ ዝም ያለ መንገደኛ ሲያገኙ ይዘነጥሉታል፣ የሰው ድምፅ ሲሰሙ ይበተናሉ። ነሐሪት ታዲያ ሸለቆውን ሁሉ ስትለፈልፍ አለፈች፤ ስለ ጎረቤቷ ፍየል፣ ስለ ንጉሡ አፍንጫ፣ ስለ ወርጃን ኩርፊያ።

«አንቺ ምላሰኛ፣ አፍንጫው ምን አደረገሽ?»

«አባባ ወርጃን፣ ጅብ ከሚበላዎት ስለ ንጉሡ አፍንጫ ይስሙ!»

ሽማግሌው ሳቀ። ጅቦቹም ከሳቁ ሸሹ።

በጎሜራ አናት ላይ ኤልዛምን አገኙት፤ ድንጋዩን በጥንት ዘመን የቀረጸውን፣ ጀርባው ላይ ዛፍ የበቀለበትን ግዙፍ ኤሊ። ነሐሪት ተንበርክካ ጉዳይዋን ነገረችው።

«አሥራ ሦስተኛ ሕግ እሰጥሻለሁ» አለ ኤልዛም፤ ድምፁ ተራራውን አንቀጠቀጠ። «ድንጋዩ ለወንድምሽ ይበራል። ነገር ግን ዕወቂ፤ ያን ጊዜም ደጅ የሚቀር ሌላ እውነት ይኖራል። ሌላም ብጨምር ሌላ ይቀራል። እኔ ድንጋዩን የቀረጽኩት እንዳይዋሽ እንጂ እውነትን ሁሉ እንዲያውቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ድንጋይ ማንም ሊቀርጽ አይችልም።»

«ታዲያ ነገ ሌላ ሰው ይጨልምበታል?»

«ይጨልምበታል። ይህንን የሚያስቆም አንድ ቃል ብቻ አለ፤ ተናጋሪውን ግን ድምፁን ያስከፍለዋል።»

ቃሉንም ነገራት።

ወርጃን ትከሻዋን ያዘ። «ሕጉን ውሰጂ። ልጅ ነሽ። ቃሉን እኔ እናገረዋለሁ።»

«ሕጉ ወንድሜን ብቻ ነው የሚያድነው፣ ይቅር። ቃሉን እርስዎ ከተናገሩት ከዚያስ ማን ያስረዳል? እኔን፣ ወሬኛዋን ማን ይሰማኛል?» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ድንጋዩን የጠበቁት እርስዎ ነዎት፤ የሚሰሙት እርስዎን ነው። ደግሞ … የእርስዎም ልጅ እኮ ነበረች።»

ሲመለሱ በሸለቆው ስትለፈልፍ ወርጃን አላቋረጣትም። አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ጆሮውን ሰጥቶ ተከተላት።

ጨረቃ በሞላችበት ምሽት ዝጊር እጁ የፊጥኝ ታስሮ ከአደባባዩ ጠርዝ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር። ነሐሪት ወደ ድንጋዩ ስትቀርብ ዞር ብላ ወንድሟን ተመለከተች።

«ጋሼ፣ እንዳትስቅብኝ» አለችው። መዳፏን አኖረች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ይህ ድንጋይ ለዚህ ቃሌ ከቶ አይበራም!»

ድንጋዩ ጨለመ። ነሐሪት ጉሮሮዋን በእጇ ያዘች።

«ውሸታም!» አለ ሕዝቡ።

«ዝም በሉ!» ወርጃን ጦሩን መሬት ላይ ተከለ። «አይበራም አለች። በራ? አልበራም! እንግዲያው ቃሏ እውነት ነው። በርቶ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ ለሐሰት በበራ ነበር። እውነት ተናግራ ጨለመባት! ወገኖቼ፣ ስንቱን በጨለማ ኮነንነው? ልጄን … ልጄን ምን አደረግናት?»

ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ለቅሶው ከደጃፍ ደጃፍ ተዛመተ። በሐመልሜራ ድምፁን የተነጠቀ ሰው የሌለበት ቤት አልነበረምና። ንጉሥ ደምራስ ከዙፋኑ ወረደ፤ የዝጊርን ገመድ በገዛ እጁ ፈታ። «ከእንግዲህ» አለ፣ «ጨለማ ማንንም አይኮንንም።»

እናታቸው በሩን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ኮቴ ሰማች።

«ማነው?»

መልስ የለም። ወርጃን ከደጅ ቆሞ ሊናገር ሞከረ፤ እንባው ቀደመው።

«ማነው እኮ? ነሐሪት ነሽ? ነሐሪትስ ከማዶ ነበር የምትሰማኝ …»

ልጆቿ በግራና በቀኝ ተንበርክከው እጃቸውን በእጇ ላይ አኖሩ። አሮጊቷ የዝጊርን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሰች። ከዚያ የነሐሪትን ፊት፣ አፏን፣ የተዘጋውን ጉሮሮዋን።

«ይህ እጅ ያን ሌሊት በእጄ ውስጥ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ይህቺ ደግሞ ወሬኛዬ ናት።»

ለዚህ ቃል የበራ ድንጋይ አልነበረም።